በደሴ የሕዝብ መሬት ላይ በበጎ ፈቃድ ዛፍ መትከል፦ ከቦታ መረጣ እስከ ሁለተኛው በጋ

ይህ መመሪያ በደሴ ከተማና በዙሪያዋ፣ በእድር፣ በወጣቶች ማኅበር፣ በመሥሪያ ቤት ባልደረባነት ወይም በሰፈር ልጅነት ተሰባስበው በሕዝብ መሬት ላይ ዛፍ ለመትከል ለሚያስቡ ሰዎች የተዘጋጀ ነው። በኮምቦልቻ ላሉትም ሥራው በአብዛኛው ያው ነው፤ የሚለየው የዛፉ ዓይነትና የሙቀቱ ሁኔታ በመሆኑ ቦታው ሲደርስ ይጠቀሳል። የአረንጓዴ አሻራ ዘመቻ ከተጀመረበት ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ ችግኝ መትከል ለማንም እንግዳ ነገር አይደለም፤ አንድ ቅዳሜ ሰው ሰብስቦ ማስተከልም ያን ያህል አይከብድም። የሚከብደው በሐምሌ የተተከለው ችግኝ የሚቀጥለውን ግንቦትና ሰኔ በሕይወት እንዲያልፍ ማድረግ ነው። ስለዚህ ገንዘቡ የሚሰበሰበው፣ ሰው የሚደራጀውና ውሉ የሚጻፈው ለተከላው ቀን ሳይሆን ከተከላው በኋላ ለሚመጡት ሁለት በጋዎች ሊሆን ይገባል።

ቦታውን በበጋ መምረጥ

ቦታ የሚመረጠው በጥቅምትና በታኅሣሥ መካከል ቢሆን ይመረጣል። በክረምት ሁሉም ቦታ ለምለም ስለሚመስል የትኛው ሥፍራ ቶሎ እንደሚደርቅ፣ ከብቱ በየት በኩል ወደ ውሃ እንደሚወርድ፣ ሰው በየት አቋርጦ ወደ ገበያ እንደሚሄድ አይታይም። በበጋ ግን ይህ ሁሉ መሬቱ ላይ ተጽፎ ይገኛል። ከጦሳ ተራራ ግርጌ ያሉ የተራቆቱ ተዳፋቶች፣ የቦርከና ወንዝ ዳርቻ፣ ጎርፍ የሸረሸራቸው ቦረቦሮች፣ የትምህርት ቤትና የጤና ጣቢያ ግቢዎች፣ ከደሴ በሐረጎ ወደ ኮምቦልቻ የሚያወርደው መንገድ ዳርና ዳር፣ ሁሉም በየራሳቸው ጠባይ ሊለሙ የሚችሉ ናቸው። የመንገድ ዳር ሲመረጥ ግን የመብራትና የስልክ መስመር ከላይ መኖር አለመኖሩን፣ መንገዱ ይሰፋል ተብሎ መታሰብ አለመታሰቡንም ከከተማው ፕላን ላይ አስቀድሞ ማጣራት ያስፈልጋል።

ለመጀመሪያው ዓመት ከሩብ እስከ ግማሽ ሄክታር በቂ ነው። አምስት ሄክታር ተክሎ አራቱን ለከብት ከመተው ሩቡን አጥሮ፣ አጠጥቶና ጠብቆ ማሳደግ ይሻላል፤ በዓመቱ የጸደቀው ሩብ ሄክታር ራሱ የሚቀጥለውን ገንዘብና ሰው ይስባል።

ደሴን በተመለከተ ሳይነሳ የማይታለፍ አንድ ጉዳይ አለ። ከተማዋ የመሬት መንሸራተት የሚያሰጋት ከተማ ናት። ዛፍ ሥሩን ሰድዶ የላይኛውን አፈር ይይዛል፤ ሆኖም በጥልቀት መንሸራተት የጀመረን ተዳፋት ዛፍ ብቻውን አያቆመውም። ከዚያም በላይ፣ መሬቱ ላይ ስንጥቅ ከታየ፣ የግቢ አጥር ከዘመመ ወይም ዛፎች ወደ አንድ ወገን ካዘነበሉ፣ በዚያ ላይ ውሃ የሚያቁር ትሬንች (ረጅም ቦይ) ወይም ግማሽ ጨረቃ (በችግኙ ግርጌ በኩል በግማሽ ክብ የሚደለደል የአፈር ክትር) መቆፈር አደጋውን ሊያባብሰው ይችላል፤ የሚሰርገው ውሃ አፈሩን ያከብደዋል፣ መያዣውንም ያላላዋል። እንዲህ ዓይነት ምልክት ያለበትን ቦታ በራስ ውሳኔ ከመንካት በፊት የከተማውን ባለሙያዎች ወይም የወሎ ዩኒቨርሲቲ የጂኦሎጂና የአፈር መምህራንን ጠርቶ ማሳየት ግዴታ ተደርጎ ሊወሰድ ይገባል።

ቦታው ከታየ በኋላ በሦስት የተለያዩ ነጥቦች ላይ እስከ ግማሽ ሜትር ጥልቀት ድረስ ቆፍሮ ማየት ጠቃሚ ነው። 30 ሴንቲ ሜትር ሳይቆፈር አለት ከተገኘ ቦታው ለዛፍ ሳይሆን ለሣርና ለቁጥቋጦ የተሻለ ነው።

ፈቃድና ስምምነት

በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ በተግባር ግን እያንዳንዱ ቁራሽ የሚያስተዳድረው አካል አለው። ወንዝ ዳርና ክፍት ቦታ በአብዛኛው በከተማ አስተዳደሩ፣ የትምህርት ቤት ግቢ በትምህርት ቤቱ፣ ከከተማ ክልል ውጭ ያለው ደግሞ በወረዳውና በቀበሌው ሥር ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የሚኬደው ወደ ቀበሌ ነው። ቀበሌው ቦታው የማን እንደሆነ ያውቃል፤ ደብዳቤውም ወደ የትኛው ጽሕፈት ቤት እንደሚመራ የሚጠቁመው እሱ ነው።

ደብዳቤው ከአንድ ገጽ ባይበልጥ መልካም ነው። የቡድኑ ስም፣ የተጠሪዎች ስምና ስልክ፣ የቦታው ስፋትና አዋሳኞች፣ የሚተከሉት ዛፎች ዓይነትና ብዛት፣ እንክብካቤው ለስንት ዓመት እንደሚቀጥል፣ እንዲሁም ከጽሕፈት ቤቱ የሚጠየቀው ነገር (ለምሳሌ ችግኝና የባለሙያ እገዛ) በግልጽ ይጻፍበታል። በቃል «ትከሉ፣ ምን ችግር አለው» ተብሎ የተሰጠ ፈቃድ ኃላፊው ሲቀየር አብሮት ይሄዳል፤ ስለዚህ ማኅተም ያረፈበት ምላሽ ሳይያዝ ጉድጓድ መቆፈር አይገባም።

ከፈቃዱ ጋር አብሮ የሚሄድ የስምምነት ሰነድ ሦስት ነገሮችን መመለስ አለበት። አንደኛው ድንበሩ ነው። ሁለተኛው ቡድኑ እስከ መቼ እንደሚንከባከብና ከዚያ በኋላ ማን እንደሚረከብ ነው። ሦስተኛውና ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው፣ የሚበቅለውን ሣር ማን እንደሚያጭድና ዛፉ ሲደርስ ማን እንደሚጠቀም ነው። የደን አዋጅ ቁጥር 1065/2010 ከመንግሥትና ከግል ደን በተጨማሪ የማኅበረሰብና የማኅበር ደንን እንደ ባለቤትነት ዓይነት ስለሚያውቅ፣ ቦታው ሰፊ ከሆነና ቡድኑ በቋሚነት ሊይዘው ካሰበ ይህን መንገድ ከጽሕፈት ቤቱ ጋር ቢመክርበት ይጠቅመዋል።

ከዚህ ሁሉ ጎን ለጎን፣ ምናልባትም ከዚህ ሁሉ በፊት፣ በቦታው ላይ ከብት የሚያሰማሩትንና እንጨት የሚለቅሙትን ሰዎች ማነጋገር ይገባል። መሬቱ በወረቀት የሕዝብ ቢሆንም በየዕለቱ የሚኖሩበት እነሱ ናቸው፤ ችግኙ ይጽደቅ አይጽደቅ የሚወስኑትም እነሱ ናቸው። የሰፈሩን ሽማግሌዎች፣ አባጋር (በወሎ ባህል ሰው የሚያስታርቅ ሽማግሌ) ባለበት አካባቢም አባጋሩን፣ እንዲሁም የመስጊዱን ኢማምና የቤተ ክርስቲያኑን አስተዳዳሪ አብረው እንዲቀመጡ ጋብዞ፣ «እዚህ ብንተክል ከብቶቻችሁ የት ይሰማራሉ?» ብሎ በቅንነት መጠየቅ ያስፈልጋል። መልስ የሌለው ከሆነ ቦታውን መቀየር ይሻላል። የተለመደውና የሚሠራው መፍትሔ ከብት ሳይገባ ሣሩ በየዓመቱ ከመስከረም በኋላ እየታጨደ ለእነዚሁ ቤተሰቦች እንዲከፋፈል ማድረግ ነው፤ ድርሻው በስም ዝርዝር ከቃለ ጉባኤው ጋር ይያያዛል።

ገንዘቡን ከመጨረሻው ወደ ኋላ ማስላት

በጀት ሲወጣ ብዙ ጊዜ ከቲሸርት፣ ከባነርና ከሻይ ይጀመራል። ቅደም ተከተሉን መገልበጥ ያስፈልጋል። ለምሳሌ ሩብ ሄክታር መሬት፣ ማለትም 50 በ50 ሜትር የሆነ ቦታ ይወሰድ። በችግኝና በችግኝ መካከል 2.5 ሜትር ከተተወ 400 ችግኝ ይይዛል። ለዚህ ቦታ የሚያስፈልገው ወጪ በአስፈላጊነቱ ቅደም ተከተል እንዲህ ይሆናል።

የመጀመሪያው የጥበቃ ደመወዝ ነው፤ ለ24 ወራት ይታሰባል። ጥበቃው ከቦታው አጠገብ ከሚኖር ቤተሰብ ቢቀጠር፣ ክፍያውም በወሩ መጨረሻ ሁለት የኮሚቴ አባላት ቦታውን ዞረው ካዩ በኋላ ቢፈጸም ሥራው ይጠነክራል። ሦስት ወይም አራት ቡድኖች በአንድ አካባቢ ከተከሉ አንድ ጥበቃ በጋራ መቅጠር ይችላሉ።

ሁለተኛው ውሃ ነው። ለአንድ ችግኝ በአንድ ጊዜ 5 ሊትር ቢሰጥ ለ400ው 2,000 ሊትር፣ ማለትም ባለ 20 ሊትር 100 ጀሪካን ያስፈልጋል። ከኅዳር አጋማሽ እስከ ጥር መጨረሻ በየሁለት ሳምንቱ፣ ከዚያም የበልጉ ዝናብ ካቆመ በኋላ በግንቦትና በሰኔ እንዲሁ ቢጠጣ በዓመት ወደ 10 ዙር ይደርሳል፤ ይህም 1,000 ጀሪካን ነው። በልጉ ካልዘነበ ይጨምራል። ይህን ቁጥር በወረቀት ላይ ያላየ ቡድን በታኅሣሥ ግራ ይገባዋል።

ሦስተኛው አጥር ነው። የ50 በ50 ሜትር ቦታ ዙሪያው 200 ሜትር ሲሆን በየ2.5 ሜትሩ ችካል ቢተከል 80 ችካል ይሻል። ሽቦ ውድ ከሆነ በእሾህ አጥሮ ከውስጥ በኩል አጋም፣ ኮምቦልቻ ላይ ደግሞ ቅንጭብ በመትከል ከጊዜ በኋላ ሕያው አጥር እንዲተካው ማድረግ ይቻላል። ቀጥሎ ዶማ፣ አካፋ፣ ባሬላና ማጭድ ይመጣሉ፤ እነዚህን በውሰት ማግኘት አያስቸግርም። ከዚያ ችግኝ የሚያመላልስ አይሱዙ ኪራይና ለመተኪያ የሚሆን 60 ያህል ተጨማሪ ችግኝ ይታሰባል። ችግኙን ራሱን የመንግሥት ችግኝ ጣቢያዎች አስቀድሞ ለጠየቀ ቡድን ብዙ ጊዜ በነጻ ይሰጣሉ። የተከላው ቀን ዳቦና ሻይ በመጨረሻው መስመር ላይ ይጻፋል።

ገንዘቡን ለማሰባሰብ እጅግ የሚመረጠው ምንጭ ትንሽ ሆኖ በየወሩ የሚገባው ነው። አንድ እድር ከወርሃዊ መዋጮው ላይ በጉባኤ ወስኖ ጥቂት ብር ቢጨምር የጥበቃው ደመወዝ ሳይቋረጥ ይከፈላል። በአዲስ አበባና በውጭ አገር ለሚኖሩ የደሴ ተወላጆች ሲጻፍ «ዛፍ ትከሉ» ከማለት «የአንድን ዛፍ የሁለት ዓመት እንክብካቤ ሸፍኑ» ማለት ይሻላል፤ ጠቅላላው ወጪ ለ400 ሲካፈል የሚመጣው ሒሳብ ለአንድ ሰው የሚከብድ አይሆንም። ነጋዴዎችና የኮምቦልቻ ፋብሪካዎች ደግሞ በጥሬ ብር ከመጠየቅ ይልቅ ባላቸው ነገር ቢጠየቁ ፈጥነው ይመልሳሉ፤ የውሃ ቦቴ በወር አንድ ቀን፣ አንድ ሮቶ፣ የወዳደቀ የእንጨት ችካል፣ የመኪና ነዳጅ። ለጋሹ ስሙ በቦታው እንዲጻፍለት ቢፈልግ መጠኑና ቦታው አስቀድሞ ይወሰን፤ ስሙ የሚሰቀለውም ሁለተኛው በጋ ካለፈ በኋላ ቢሆን ተገቢ ነው እላለሁ።

ገንዘቡ በግለሰብ ስም በተከፈተ ሒሳብ ውስጥ ፈጽሞ መግባት የለበትም። አዲስ ድርጅት ማቋቋም ለሚፈልጉ የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 መንገዱን ያሳያል፤ ለመጀመሪያ ዓመት ግን ሒሳብና ማኅተም ባለው እድር ወይም ማኅበር ሥር ሆኖ መሥራት ጊዜ ይቆጥባል። ሦስት ፈራሚዎች ተመድበው ሁለቱ ሳይፈርሙ ገንዘብ እንዳይወጣ ይደረግ፤ ለእያንዳንዱ ገቢ ደረሰኝ ይቆረጥ፤ በየሦስት ወሩ ገቢና ወጪው በአንድ ገጽ ተጽፎ በቀበሌው ማስታወቂያ ሰሌዳና በመስጊዱና በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ይለጠፍ። ሰው የሚሸሸው ገንዘብ ስለተጠየቀ ሳይሆን የሰጠው የት እንደገባ ባለማወቁ ነው።

የጥበቃው የመጀመሪያ ዓመት ደመወዝ ባንክ ሳይገባ የተከላው ቀን መቆረጥ የለበትም። ገንዘቡ እስከ ሰኔ ካልሞላ ቦታውን በግማሽ መቀነስ ነው።

ችግኙን አስቀድሞ ማዘዝ

አገር በቀል ዛፎች ቀስ ብለው ስለሚያድጉ ለሐምሌ የሚፈለገው ችግኝ ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ለችግኝ ጣቢያው ሊነገር ይገባል። በሰኔ መጨረሻ የሚሄድ ቡድን የተረፈውን ይዞ ይመለሳል፤ የተረፈው ደግሞ ብዙ ጊዜ ባሕር ዛፍ ነው። ባሕር ዛፍ ለማገዶና ለቤት ሥራ የዋለው ውለታ ከፍተኛ ነው፤ ለወንዝ ዳርና ለምንጭ አካባቢ ግን አይመከርም።

ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ ሀበሻ ጽድ፣ ወይራ፣ ኮሶ፣ ዝግባና ጥቁር እንጨት ይስማሟታል። ኮሶ ከፍ ያለውንና እርጥበት ያለውን ይወዳል፤ ወይራና ጽድ ድርቅን ይበልጥ ይችላሉ። ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ብላ በምትገኘው ኮምቦልቻ ዋንዛ፣ ብሳና፣ ሰሳና ግራር የተሻሉ ሲሆኑ ወይራም ይሆናል። ከሦስት እስከ አምስት ዓይነት ማደባለቅ በሽታ ወይም ድርቅ አንዱን ቢጎዳ ሌላው እንዲተርፍ ይረዳል።

ችግኝ ሲረከቡ ቁመት ብቻ ማየት ያታልላል። ጥሩ ችግኝ ከ30 እስከ 40 ሴንቲ ሜትር ቁመት፣ እርሳስ የሚያህል ግንድና ጠንከር ያለ ቅጠል አለው፤ ከመውጣቱ በፊት ባሉት ሳምንታት ውሃ ተቀንሶለት ፀሐይ የለመደ መሆን አለበት። ከየመደቡ አንዱን ችግኝ አንስቶ ላስቲኩን ቀዶ ሥሩን ማየት ይገባል፤ ዋናው ሥር ከታች እንደ ቀለበት ተጠምዝዞ ከተገኘ ያ መደብ ለረጅም ጊዜ በላስቲክ ውስጥ የቆየ ነውና አይወሰድም።

ጉድጓድና ተከላ

ጉድጓድ የሚቆፈረው በግንቦትና በሰኔ ነው። በተዳፋት ላይ መስመሩ ከላይ ወደ ታች ሳይሆን በኮንቱር፣ ማለትም በአግድም ይሠራል፤ ለዚህም ሲባጎና ከእንጨት በA ፊደል ቅርጽ የሚሠራ የአግድም መስመር መለኪያ (ኤ ፍሬም) ይበቃሉ። ስፋቱም ጥልቀቱም 40 ሴንቲ ሜትር ይሁን። የላይኛው ጥቁር አፈር በአንድ ወገን፣ የታችኛው በሌላ ወገን ተለይቶ ይከመራል፤ ሲተከል ጥቁሩ ከብስባሽ ጋር ተደባልቆ ወደ ሥሩ ይገባል፤ የታችኛው በግርጌው በኩል እንደ ግማሽ ጨረቃ ተደልድሎ ውሃ ይይዛል። መሬቱ የማይንሸራተት መሆኑ ከተረጋገጠ ማለት ነው። አንድ ሰው በቀን 15 ጉድጓድ ይቆፍራል ብሎ ማቀድ ልከኛ ነው፤ ለ400ው 27 ያህል ሰዎች ለአንድ ቀን፣ ወይም 9 ሰዎች ለሦስት ቅዳሜ ማለት ነው። በደቦ ቢያዝ ይቀላል።

የተከላው ቀን በቀን መቁጠሪያ ብቻ አይወሰንም። ሰኔ በደቡብ ወሎ ብዙ ጊዜ ደረቅ ስለሆነ የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥል መቸኮል አይገባም፤ አፈሩ ሲቆፈር እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ድረስ መራሱ መታየት አለበት። ይህ በአብዛኛው የሐምሌ ወር ነው። ከነሐሴ አጋማሽ በኋላ የተተከለ ችግኝ ሥሩን ሳይሰድ ዝናቡ ይለየዋል። ቅዳሜ ጠዋት ለሁሉም ይመቻል፤ ዓርብ የጁምዓ ሰዓት፣ እሑድ ቅዳሴ፣ ሰኞም ገበያ አለ። ከነሐሴ 1 እስከ 15 የፍልሰታ ጾም ስለሚሆን በዚያ ጊዜ ከተተከለ ሥራው አጠር ይበል።

አንድ ሰው በግማሽ ቀን 25 ችግኝ በጥንቃቄ ሊተክል ይችላል። ስለዚህ ለ400 ችግኝ 16 ሰው፣ ከመሪዎቹ ጋር ቢበዛ 20 ሰው ይበቃል። ሁለት መቶ ሰው ሲመጣ ችግኙ በእግር ይረገጣል፣ ላስቲኩ ሳይወልቅ ይቀበራል፤ የተረፈውን ሰው ጉዝጓዝ ለማጨድ፣ እሾህ ለማምጣትና አጥር ለማጠር ማሰለፍ ይሻላል። ለየአምስት ሰው ከቀደመው ቀን የሠለጠነ አንድ መሪ ይመደብ።

አተካከሉ ይህ ነው። ችግኙ በግንዱ ሳይሆን በላስቲኩ ይያዛል። ላስቲኩ ከታች በምላጭ አንድ ጣት ያህል ተቆርጦ የተጠመዘዘው የሥር ጫፍ አብሮ ይወገዳል፤ ከዚያ ከጎን ተሰንጥቆ አፈሩ ሳይፈርስ ይወጣል። የችግኙ አንገት ከመሬቱ እኩል እንዲሆን ይቀመጣል፤ ጠልቆ ከተቀበረ ይበሰብሳል፣ ከፍ ካለ ይደርቃል። ጥቁሩ አፈር በእጅ እየተጠቀጠቀ ይሞላል፤ በመጨረሻም በተረከዝ በቀስታ ይረገጣል። በሁለት ጣት ቅጠሉን ይዞ ሳብ ሲደረግ ችግኙ ከተነቀነቀ እንደገና መጠቅጠቅ አለበት። መሪው የወለቁትን ላስቲኮች ቆጥሮ ከተተከለው ችግኝ ጋር ያመሳክራል፤ ከጎደለ ላስቲኩ ጉድጓድ ውስጥ ነው ያለው።

ከተከላ በኋላ

በሳምንቱ ጎርፍ ያጋደላቸውን ማቅናት፣ እስከ ነሐሴ አጋማሽ የሞቱትን መተካት ያስፈልጋል። በመስከረም በየችግኙ ዙሪያ አንድ ሜትር ያህል ታርሞ ደረቅ ሣር ይጎዘጎዛል፤ ኮምቦልቻ አካባቢ ምስጥ ስላለ ጉዝጓዙ ከግንዱ አንድ ስንዝር ይራቅ። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ በሚበረታባቸው ሜዳማ ቦታዎች ለጋ ችግኞችን በሌሊት በሣር መሸፈን ይጠቅማል።

የውሃውን ምንጭ በተመለከተ፣ የቧንቧ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር በዚያው ውሃ ዛፍ ማጠጣት ከጎረቤት ጋር ያጣላል። የመስጊድ የውዱእ ውሃ ሳሙና የሌለበት ስለሆነ በትንሽ ቦይ ወደ ተከላው ቦታ ሊመራ ይችላል፤ የትምህርት ቤት ጣሪያ ውሃም በሮቶ ይጠራቀማል። ባዶ ሃይላንድ ክዳኑ በመርፌ ተበስቶ ከችግኙ አጠገብ ተዘቅዝቆ ሲቀበር ውሃውን ቀስ በቀስ ወደ ሥሩ ያንጠባጥባል፤ ሲያበቃ ግን ተሰብስቦ መወሰድ አለበት።

ቆጠራ በመስከረም፣ በጥርና በሰኔ መጨረሻ ይካሄዳል። ከኮሚቴው ውጭ የሆነ ሰው፣ ለምሳሌ የቀበሌው የግብርና ባለሙያ ወይም መምህር፣ አብሮ ቢቆጥር ቁጥሩ ይታመናል። ከ400ው 250 ብቻ ከጸደቀ 250 ተብሎ ይጻፍ፤ የሞቱትም በምን እንደሞቱ፣ በከብት፣ በድርቅ፣ በምስጥ ወይም በአተካከል ተለይቶ ይመዝገብ። የሚቀጥለው ዓመት በጀት በየትኛው መስመር ላይ መጨመር እንዳለበት የሚናገረው ይህ ዝርዝር ነው፤ ለጋሾችም የሚላከው ይኸው ነው።

ሁለተኛው ሰኔ ሲያልቅ የርክክብ ቃለ ጉባኤ ይዘጋጃል። የቆሙት ዛፎች ብዛትና ዓይነት፣ የአጥሩ ሁኔታ፣ በባንክ የቀረው ገንዘብ፣ የሣር ድርሻ ዝርዝሩና ጥበቃውን ወደፊት የሚከፍለው አካል ተጽፎበት ቀበሌው፣ ቡድኑና የአካባቢው ተወካዮች ይፈርሙበታል። ከሦስቱ ቅጂዎች አንዱ ሣሩን ከሚያጭዱት ቤተሰቦች ተወካይ እጅ ይቀመጣል።